የጭራ አልባዋ ክንፍ ሚዛን

ጥር 3

ለጋሼ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ደብዳቤ ካልነው ማለቴ ነው! እኔ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ጤናህ፣ ስለ ሥራህ፣ ስለ ጆሮህ ጠይቄህ፣ መጨረሻ ላይ የዚያችን አውሮፕላን የሚዛን ልክ ብለምንህ አንተ የመለስክልኝ ሁለት ቃል ነው፦ «ለምን ፈለግሽው?» ፊርማ እንኳን የለውም። ግን በአናጺ እርሳስ ተጭኖ የተጻፈ ስለሆነ ካንተ በቀር ከማንም ሊሆን አይችልም። ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ ሁለት ቃልም ቢሆን ጮቤ አስረግጦኛል።

እሺ፣ ለምን እንደፈለግሁት ልንገርህ። ባለፈው ወር አባዬ የገበር ጨርቅ አውርጂልኝ ብሎኝ ልብስ ስፌት ቤቱ ጓዳ ያለው ቁም ሳጥን ላይ ተንጠላጠልኩ። ከጥቅሎቹ ጀርባ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያቺን ክንፍ! አንተና አባዬ የሠራችኋትን፣ ጭራ የሌላት፣ መሀል አካል የሌላት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክንፍ ብቻ የሆነች፣ በሪሞት የምትበር አውሮፕላን። አፍንጫዋ ተጨፍልቋል፣ ግራ ጎኗ ለሁለት ተሰብሯል፤ ግን አልተጣለችም። አባዬ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሎ ነው ያስቀመጣት።

ያን ቀን እኔም ሜዳው ላይ ነበርኩ። አንተ ወረወርካት፣ ሪሞቱን አባዬ ይዞ ነበር፣ ግማሹ የሰፈር ሰው ቆሞ ያያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እንዳልን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ተገለበጠችና መሬት ላይ ጓ! አባዬ «ሚዛኑን ያለ ቦታው አስቀመጥከው» አለህ። አንተ «ባልከኝ ቦታ ነው ያስቀመጥኩት» አልከው። ከዚያ በኋላ የተባባላችሁትን አልጽፈውም። በወሩ ዕቃህን ሸክፈህ ሌላ ከተማ ገባህ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንዲት ቁራጭ ፎም ተኳርፋችሁ ይኸው እስከ ዛሬ።

ጋሼ፣ አዲስ እየሠራሁ ነው! የምሠራበት የጥገና ሱቅ ፍሪጅ በሚታሸግበት ነጭ ፎም ተሞልቷል፤ ሞተሩንም ከተበላሸ ዕቃ ፈትቼ አግኝቻለሁ። የአሮጌዋን ቅርጽ በአባዬ የንድፍ ወረቀት ገልብጬ በዚያው ልክ ቆርጫታለሁ፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ መቶ ሃያ ሴንቲ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ ሚዛኑ። ባትሪውን ወደ ፊት ስገፋው አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ስስበው ሌላ ቦታ ላይ ትቆማለች። የትኛው ላይ ስትቆም ነው የምትበረው?

ከየካቲት ሃያ በፊት መብረር አለባት። ለምን አትበለኝ። አባዬ ደህና ነው፤ የማይጽፍልህ ሥራ ስለበዛበት ነው። መሥራቴን ያውቃል፣ «ጭራ ብትጨምሪባት ይሻላል» እያለ ያሾፍብኛል፤ ለአንተ መጻፌን ግን አያውቅም። መርፌ በማሾልክለት መሀል ነው የምጽፍልህ፣ ፊደሌ ቢንሻፈፍ ይቅርታ። ስልክ ያልደወልኩት ያው ታውቀዋለህ፤ እንደሄድክ ሰሞን ስደውልልህ አሥር ጊዜ «እ?» ስትለኝ እዚህ ያለው ጎረቤት ሁሉ ወሬያችንን ሰማ። ይህንንም በአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ጡሩምባ በምንለው ሰውዬ፣ እልከዋለሁ።

አንተ ባወጣህልኝ ስም፣
ሽቦ


ጥር 8

ለሽቦ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጆሮዬ ያው ነው፣ የመሰንጠቂያ ማሽኑ የተወልኝን ያህል እሰማለሁ። እጄ ደህና ነው። ሥራ አለ።

ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከአባትሽ የወረስሽው አይመስለኝም። ጭራ ያለው አውሮፕላን ሲሳሳት ጭራው ያርመዋል። ይቺ የሚያርማት የላትም። ሚዛኗ ትንሽ ወደ ፊት ከሆነ አፍንጫዋ ይከብዳታል እንጂ ትበራለች። ትንሽ ወደ ኋላ ከሆነ ግን ቀና ትላለች፣ ትገለበጣለች፣ አበቃ። በሁለቱ መካከል ያለው የአንዲት ጣት ስፋት ነው። ስለዚህ ከመለካትሽ በፊት ባትሪው፣ ሞተሩ፣ ሽቦው፣ ማጣበቂያው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይያዝ። ባዶዋን የለካ ሰው አልለካም።

ቁጥሩን ከየት እንዳገኘነው ላንቺ እነግርሻለሁ፤ አባትሽማ ረስቶታል። መጀመሪያ ሞተር የሌላት መንትያዋን ሠራን። ሣር ላይ እየወረወርን፣ አፍንጫዋ ላይ ሚስማር እየሰካን፣ አሳምራ እስክትንሸራተት ሁለት ሳምንት ለፋን። ስትስተካከል በሁለት እርሳስ ጫፍ ላይ አቆምናት። አባትሽ ከአፍንጫዋ እስከ እርሳሶቹ ድረስ በሜትሩ ለካና «አሥራ ስምንት!» ብሎ ጠራ። እኔ ጻፍኩ። ሞተር ያላትን ስንሠራ አሥራ ስምንት ላይ መስመር አሰመርኩ፣ ባትሪውን እስኪመጣ ገፋሁ፣ ቆመች። የሆነው ይኸው ነው። የወደቀችው ለምን እንደሆነ እሱን ጠይቂው።

ካላመንሽኝ አሮጌዋን አውርጂና ሆዷ ላይ ያሰመርኩትን መስመር ለኪ። የአናጺ እርሳስ ነው፣ አይጠፋም።

የካቲት ሃያ ምንድን ነው? ደግሞስ አባትሽ ከመቼ ወዲህ ነው መርፌ የሚሾለክለት? በአንድ ትንፋሽ የሚያሾልክ ሰው ነበር።

አጎትሽ


ጥር 14

ለጋሼ፣

ቁጭ በል! ቁጭ ብለሃል? እጅ ከፍንጅ ተይዘሃል!

አሮጌዋን አወረድኳት፣ አቧራዋን አራገፍኩ፣ ሆዷን ገለበጥኩ። መስመርህ ትናንት የተሰመረ ይመስላል፣ ቀጥ ያለ፣ ኩሩ፣ ልክ እንዳንተ። የአባዬን ሜትር ከአንገቱ ላይ ተውሼ ለካሁት። አሥራ ዘጠኝ! አንዴ መሰለህ? አራት ጊዜ ለካሁት። አባዬ አሥራ ስምንት ብሎ ጠራ፣ አንተ አሥራ ስምንት ብለህ ጻፍክ፣ እርሳስህ ግን አሥራ ዘጠኝ ላይ አረፈ። አንዲት ጣት ወደ ኋላ! አንተው ራስህ «ትገለበጣለች፣ አበቃ» ያልከው ቦታ ላይ! ጋሼ፣ ስድስት ዓመት አኩርፈህ፣ ጥፋተኛው አንተ ሆነህ ልትገኝ?

እንዲህ ስልህ ደስ ብሎኝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ግን ደስታዬ አባዬ ስላሸነፈ ሳይሆን ነገሩ ስለተፈታ ነው፤ አንዲት ትንሽ ስህተት ናት፣ ማንም ይሳሳታል፣ «ተሳስቼ ነበር» ብለህ አንድ መስመር ብትጽፍለት ይበቃል። ድፍረቴን ይቅር በለኝ።

አዲሷ እንዴት እንዳማረች ብታይ! ሞተሯን ከኋላ ገጠምኩላት፣ ስትነሳ የሱቁን ደረሰኝ ሁሉ አበነነችው፣ አለቃዬ ከጠረጴዛው ሥር ሲለቅም ዋለ። እዚህ ልብስ ስፌት ቤትም ሰላም የለም። የሰፈሩ ዘበኛ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ «ወገቤ ዘጠና ዘጠኝ ነው፣ በየትም ተለክቼ ዘጠና ዘጠኝ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። አባዬ ደግሞ «መቶ ነው፤ በላህ፣ ወፈርክ፣ ተቀበል» ብሎ ድርቅ አለ። ሰውየው አኩርፎ ሊወጣ ሲል ለመንኩት።

ስለ መርፌው የጠየቅኸኝ፣ ያው የአሁን መርፌ ቀዳዳው ጠባብ ነው።

ሽቦ


ጥር 17

ለሽቦ፣

አሥራ ዘጠኝ የሚባል ነገር የለም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የብረት ማስመሪያዬን ልኬልሻለሁ። ያን ቀን መስመሩን ያሰመርኩት በእሱ ነው። ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ለጡሩምባ ስሰጠው ከወንበሩ ጀርባ እንዳያስቀምጠው ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄዋለሁ። በእሱ ለኪ። ሳትለኪ እንዳትጽፊልኝ።

አምስተኛ ክፍል እያለሽ ማባዛት ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ አናደሽኝ አታውቂም።

የመርፌ ቀዳዳ አልጠበበም። እኔ የደነቆርኩት ጆሮዬን ነው፣ ማንበብ እችላለሁ።

አጎትሽ


ጥር 21

ለጋሼ፣

የምነግርህ ሁለት ነገር አለኝ። አንዱ ደስታ ነው፣ አንዱ ሌላ ነው፣ ሁለቱንም እነግርሃለሁ።

ማስመሪያህን አሮጌዋ ላይ አስተኛሁት። አሥራ ስምንት። ልክ አሥራ ስምንት፣ ፀጉር የምታህል ልዩነት የለውም። ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። ከዚያ የአባዬን ሜትር ወሰድኩና ያንኑ መስመር ለካሁ። አሥራ ዘጠኝ። አብጄ ይሆን ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አጋደምኳቸው። ጋሼ፣ የአባዬ ሜትር የሚጀምረው ከአንድ ነው!

ጫፉ ላይ የነበረችው ብረት ድሮ ወልቃ ጠፍታለች። ጨርቁ ሲተለተል አባዬ አንድ ቁጥር ላይ ቆርጦ በነጭ ክር ዘምዝሞታል። በጣም ያምራል፣ የሱ እጅ ስለሆነ ልብ ብሎ ያላየው ሰው ከፋብሪካ የመጣ ይመስለዋል። የመጀመሪያዋ ሴንቲ የለችም። ስለዚህ በዚያ ሜትር የተለካ ነገር ሁሉ በአንድ ይበልጣል። ሱሪዎቹ ታዲያ እንዴት ልክ ይሆናሉ አትለኝም? ሰውየውን የሚለካው በዚያ ሜትር ነው፣ ጨርቁን የሚለካውም በዚያው ሜትር ነው! ስህተቷ ስትገባም ስትወጣም ራሷን ታጠፋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃባትም፤ ከሱቁ የወጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው። አባዬ በሱ ሜትር «አሥራ ስምንት» ሲል እውነተኛው አሥራ ሰባት ነበር። አንተ አሥራ ስምንትን ይዘህ በብረት ማስመሪያ አሰመርክ። እሱ ያየውን ነው የጠራው፣ አንተም የሰማኸውን ነው ያስቀመጥከው። ሁለታችሁም እውነት ተናግራችሁ ነው ስድስት ዓመት የተኳረፋችሁት! ዘበኛውም እውነቱን ነው፣ ወገቡ ዘጠና ዘጠኝ ነው!

አሁን ሌላውን ልንገርህ። ምላሴን ይዤ ቆይቻለሁ፤ እሱ ነው እንዳትነግሪው ያለኝ። የአባዬ ግራ ዓይን ጠፍቷል። ዓመት አልፎታል። በቀኙ ጥላ ጥላውን ያያል፣ ጨርቅ የሚለየው በጣቱ ነው፣ ቁጥር የማነብለት እኔ ነኝ። የካቲት ሃያ ቀኙን ይቀደዳል። ሐኪሙ «ከፍተን ካላየነው አላውቅም፤ ሊያይ ይችላል፣ ያለችውም ልትጠፋ ትችላለች» አለን። ስንወጣ አባዬ ደረጃው ላይ ቆመና «ያቺን ክንፍ ስትበር ሳላያት ነው እንዴ?» አለኝ። አንጀቴን በላኝ።

እንዳትሰማ የፈለገው «ሚስማር አዝኖልኝ ይመጣል፣ አዝኖ እንዲመጣ አልፈልግም» ብሎ ነው። እስከ ዛሬም ሚስማር እያለ ነው የሚጠራህ። ስለ ሜትሩ ገና አልነገርኩትም። ልንገረው? ና ጋሼ። በሞቴ ና።

ሽቦ


ጥር 25

ለሽቦ፣

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ማሽኑን አጥፍቼ ወጣሁና በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው መጡ። «አሥራ ሰባት ነው!» አልኳቸው። ያበድኩ መስሏቸው ተመለሱ።

አሥራ ሰባት! እንዲህ ነበር በይኛ! ስድስት ዓመት ሙሉ እንጨት በለካሁ ቁጥር ሳስበው የኖርኩት ነገር ነው። አንዳንዴ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ደብተሬን አወጣለሁ፣ አሥራ ስምንት ይላል፣ ዘግቼ አስቀምጠዋለሁ። አሁን ግን ስለ ዓይኑ ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ ማን ልክ ነበር የሚለው ነገር ከሆዴ ወጣ።

ስለዚህ ስሚኝ። ስለ ሜትሩ እንዳትነግሪው። ያ ሜትር እንጀራው ነው። ቀዶ ሕክምና ለሚገባ ሰው «ስድስት ዓመት የበደልከው አንተ ነህ» አይባልም። «ሚስማር ጽፎልኛል፣ ስህተቱ የሱ ነው፣ መስመሩን ያለ ቦታው አስምሬ ነበር ይቅር በለኝ ብሏል» በይው። ደስ ብሎት ይግባ። እኔ ምን ይጎድለኛል?

እኔ አልመጣም። ካልጠራኝ ደጁን አልረግጥም፤ እሱም ደስ አይለውም። ግን አንድ ነገር ሠርቼልሻለሁ፣ ከጡሩምባ ተቀበዪ። ሰሌዳ ነው፣ ከፊቱ የቆመ ጣውላ አለው፣ ኋላው ላይ ሁለት ጫፋቸው የተድቦለቦለ ችካሎች አሉ። ከጣውላው እስከ ችካሎቹ ልክ አሥራ ሰባት ነው። ክንፏን ችካሎቹ ላይ አስቀምጪ፣ አፍንጫዋ ጣውላውን ይንካ፣ ባትሪውን እየገፋሽ ቀጥ ብላ ስትቆም በቃ። ሜትር የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ።

ሞተሩን ሳታስነሺ በመጀመሪያ ሣር ላይ ወርውሪያት። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ። ወዲያው ጻፊልኝ፣ አንጠልጥለሽ እንዳትተዪኝ።

አጎትሽ


የካቲት 2

ለጋሼ፣

ተንሸራተተች! እልልታዬ እዚያ ድረስ ካልተሰማህ በእርግጥም ደንቁረሃል!

በሰሌዳህ ላይ አቆምኳት፣ ሜዳው ዳር ሄድኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ለቀቅኳት። ቀጥ ብላ ሄደች ጋሼ፣ ቀናም አላለች፣ አልዘቀዘቀችም፣ ሣሩን እየታከከች ሄዳ ሄዳ ቁጭ አለች። እንጥሌ ዱብ ብላ ነበር፣ ሮጬ ሳነሳት ነው የተመለሰችልኝ። ስምንት ጊዜ ወረወርኳት። ክንዴ ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። ነጭ ክንፍ በነጭ ሰማይ ላይ አባዬ አያያትም። ስለዚህ ሆዷን በሙሉ በጥቁር ገበር አለበስኳት። ሰሌዳህ ላይ ስመልሳት በኋላዋ ቁጭ አለች! ጨርቋ ብዙው ያረፈው ኋላ ላይ ነበርና ሚዛኑን አበላሸው። ባትሪውን ወደ ፊት ልገፋ ስል ቦታ የለም፤ ፎሙን በትኩስ ሽቦ ቆርጬ ለባትሪው ሁለት ሴንቲ የሚገባ ጎጆ ወደ አፍንጫዋ ቆፈርኩለት። ቆመች። ይኸው አሁን ጥቁር ሆድ አላት፣ አሥራ ሰባትም ላይ ናት።

አሁን ደግሞ ትቆጣኛለህ። ያልከኝን ነገርኩት፣ ግን እንዳሰብከው አልሆነም። «ጋሼ ጽፎልኛል» ስለው መቀሱ እጁ ላይ ቀረ። «ስህተቱ የኔ ነው፣ መስመሩን ያለ ቦታው አስምሬ ነበር፣ ይቅር በለኝ ብሏል» አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጠቆረ።

«ውሸት ነው» አለኝ። «ሚስማር ግትር ነው፣ ኩርፈኛ ነው፣ በልክ ግን አይሳሳትም። ምን አስዋሸው?» ብሎ ወደኔ ዞረ። «ነገርሽው አይደል? ስለ ዓይኔ ነገርሽው!»

እኔ መዋሸት አልችልበትም፤ አለቀስኩ። ማስመሪያህ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በጣቱ ዳሰሰና ወዲያው አወቀው። «ይሄ የሱ ነው» አለ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከጎኑ ዘረጋው። ማየት አይችልም፣ ታውቃለህ፤ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቱ ያዘ፣ ዝምዝማቱን ነካው፣ ቆመ። እንደገና ነካው። «ይሄን ጫፍ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ለራሱ። «አንዷን ቆርጬ።»

ከዚያ ምን ያደረገ ይመስልሃል? ሳቀ! ማሽኑ ላይ ተደግፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ጨርቅ ሊወስዱ የመጡት ሴትዮም ነገሩን ሳያውቁ አብረውት ሳቁ። ሲያበቃ ዓይኑን በዚያው ሜትር ጠረገ። ቀጥሎ «አውቶቡሱ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ።

መልእክቱ ይኼ ነው፣ «እሑድ የካቲት አሥር ጠዋት፣ ሪሞቱን የሚይዝ ሰው የለም በይው። ሌላ እንዳትጨምሪ» ብሎኛል። እንደምታየው ሁሉንም ጨምሬ ጽፌልሃለሁ።

ሽቦ


የካቲት 7

ለሽቦ፣

ይህን ደብዳቤ ጡሩምባ ሲሰጥሽ ከሁለት ቀን በኋላ የሚያመጣው ሌላ ዕቃ እንዳለው ንገሪው፤ ከኋላው ያለውን ወንበር ይዤበታለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለጠየቅኩ አለቃዬ ደንግጦ ሳይጠይቀኝ ፈረመ።

ባትሪውን ሙዪ። የክንፏ መታጠፊያዎች በነፃ እንደሚንቀሳቀሱ አረጋግጪ። ለአባትሽ ወንበር ይዘሽ ሂጂ፣ ፀሐይን ከጀርባው አድርጊለት።

እጄ ሪሞት ከነካ ስድስት ዓመቱ ነው። አልዋሽሽም፣ ፈርቻለሁ። ግን ልጅ ሆኜ እንኳን እንዲህ ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

አጎትሽ


የካቲት 14

ለጋሼ፣

ማስመሪያዬን ረስቼ መጣሁ ብለህ እንዳትደነግጥ፤ አባዬ ነው ያስቀረው።

«እኔ ወደ ላይ ሳይ እሱ ምን ይል ነበር?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እውነትህን ነው፣ አንተ ዓይንህን ከእሷ ላይ አልነቀልክም፣ ጆሮህም አልሰማህም። እኔ ደግሞ ከወረወርኳት በኋላ ወደ ላይ አላየሁም፤ ያየሁት እሱን ነው። ስለዚህ አንተ ያላየኸውን ልንገርህ።

ከእጄ እንደወጣች መቁጠር ጀመረ። «አንድ» አለ። «ሁለት» አለ። «ሦስት» ሲል ድምፁ ጠፋ፣ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨመደደ። ያኔ የወደቀችው ሦስት ላይ ነበራ! ከዚያ «አራት!» ብሎ ጮኸ ጋሼ። ከወንበሩ ተነሳ። «አራት! አራት!» ከዚያ በላይ አልቆጠረም፣ አራት ብቻ ነበር የሚፈልገው። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ፤ አንተ ወደ ግራ ስታዞራት ጣቱ ወደ ግራ ሄደ፣ በላያችን ስታልፍ ጣቱም በላያችን አለፈ። አንዴም አልሳታትም። «ጥቁሯን አየኋት፣ ያቻት» ይል ነበር፣ ለማንም አይደለም። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ነጠላ ጫማዬን እያወጣሁ አጠልቅ ነበር።

ካወረድካት በኋላ የሆነውን ታውቃለህ፤ እንደተቃቀፋችሁ ሳትላቀቁ መጨቃጨቅ ጀመራችሁ፣ እሱ «ስትዞር ትንሽ ትሰንፋለች» ሲል፣ አንተ «ጨርቁ ነው» ስትል። ሰዉ የተጣላችሁ መስሎት ሊገላግላችሁ መጣ።

ያልጠየቅኸኝን ግን መጠየቅ የፈለግኸውንም ልመልስልህ። አዎ፣ ይቅርታ ሊልህ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ነበር፤ አንዴ አንተ አልሰማኸውም፣ አንዴ ጡሩምባ ጥሩምባውን ነፋ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ «ጮክ ብዬ ማለት ነበረብኝ» እያለ ሲብሰለሰል ዋለ። «ንገረኝና እኔ ልጻፍልህ» አልኩት። «ይሄ በሰው እጅ አይጻፍም፤ ስድስት ዓመት ያጠፋሁት እኔ፣ የምጽፈውም እኔ። ካየሁ እጽፈዋለሁ» አለኝ።

ስድስት ቀን ቀርቶታል። ከእሑድ ወዲህ ግን እየዘፈነ ነው የሚሰፋው። እኔም ደስታና ፍርሃት ተደባልቀውብኝ ሱቅ ውስጥ የሰው ሬዲዮ ገጥሜ ስጨርስ ሁለት ብሎን ተርፎኛል። ያየነውን አይተናል፤ እሷን ማንም ከዓይኑ አያወጣትም። እጽፍልሃለሁ።

ሽቦ


መጋቢት 6

ለሚስማር፣

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደሉ ቢተልቅብህ አትሳቅ፤ ልጅቷ በአንድ ገጽ ላይ ስምንት መስመር ብቻ ጻፍክ ብላ ስትስቅብኝ ሁለተኛ ወረቀት ጀመርኩ። ፋሻውን ማክሰኞ ፈቱልኝ። መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን የደረት ቁልፍ ነው፤ በላላ ክር ነበር የተሰፋው። ነገርኳት።

አዲስ ሜትር ተገዝቶልኛል። ከዜሮ ይጀምራል። ደንበኞቼ ሁሉ በአንድ ሴንቲ ቀጠኑ። ዘበኛው ዘጠና ዘጠኝ ስለው ከደስታው ብዛት ሁለተኛ ሱሪ አዘዘ።

አሮጌው ሜትር ፖስታው ውስጥ አለ። ማስመሪያህንም መልሼልሃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣቸው፣ ሳይተያዩ ነው የኖሩት።

በእጄ ለመጻፍ የጠበቅኩት ይኼን ነው። አሥራ ስምንት ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። አንተ ያልኩህን አደረግህ። በሰው ፊት አዋረድኩህ፣ ከከተማ አስወጣሁህ፣ ስድስት ዓመት አልጠየቅኩህም። ያ ሁሉ አልፎ ስለ ዓይኔ ስትሰማ ጥፋቱን ለራስህ ወሰድከው። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

እሑድ ነፋስ አይኖርም ይላሉ። ና። አንተ ወርውራት፣ ሪሞቱን እኔ እይዛለሁ።

ታላቅህ